ክራሩ የመለሰላት ልጅ

እኛ ሰዎች ስለ ዝምታ ቁርጥ ያለ አቋም የለንም። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል፤ ሌላው ብድግ ብሎ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይለዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው ተብሎ ስብሰባው ይበተናል። በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ግን አንደራደርም። በገና የእግዜር፣ ክራር የሰይጣን። እናንተ በዚህ አታምኑ ይሆናል። እኔም ጠዋት ጠዋት አላምንም። የማስተምረው ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከውሃው ተነስቶ ባሕር ዛፉን ሲውጠው ሐሳቤን እቀይራለሁ።

አንድ ሰሞን ክራሮች በስጦታ መጡልንና የሙዚቃ ክበብ ይቋቋም ተባለ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ግጥም የሚያስተምር ሰው ዜማ አያቅተውም ተብሎ ክበቡ እኔ ላይ ተጣለ። ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው ጫልቱ ነበረች፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ አክስቷ ጋ የምትኖር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ተንፍሳ የማታውቅ ልጅ። አክስቷ አዴ ዲንቂቱ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልታስቀጥራት ደላላ አምጥታ ነበር። ደላላው «ሲጠሯት አቤት የማትል ሠራተኛ ማን ይቀበለኛል?» ብሎ መለሳት። እንግዲያው አፏን እስክትፈታ ትማር ተባለ።

ጫልቱ ክራር አትነካም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ከአንዱ ፊት ቆማ ታንጎራጉራለች እንጂ። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ክፍሉ ደንገዝገዝ ብሏል። ልጅቷ አንጎራጉራ ዝም አለች። ዜማው ግን ዝም አላለም። ማንም ሳይነካው ክራሩ ቀጠለ፤ ከሩቅ የሚጣራ ሰው የመሰለ ቀጭን ድምፅ። ደግማ አንጎራጎረች፤ ደግሞ መለሰላት። ልጆቹ በሩ ላይ እየተጋፉ ወጡ። እኔ አልሮጥኩም፤ በሩን ልጆቹ ስለዘጉብኝ ነው። ጫልቱ ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋን አይቼ ስለማላውቅ ከክራሩ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

የፊዚክሱ መምህር «ድምፅ ከድምፅ ሲገጥም ክሩ ራሱ ይርገበገባል፤ የታወቀ ሳይንስ ነው» አለኝ። «በል ገብተህ አሳያቸው» ስለው የሚያርመው ፈተና ትዝ አለው።

በማግስቱ ግቢው በወላጅ ተሞላ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ቶለሳ በትራቸውን ተደግፈው ፈረዱ።

«መምህር፣ ክራሩም ይውጣ፣ ልጅቷም ትውጣ።»

«ኦቦ፣ እሷ ከዚህ ከወጣች የት እንደምትገባ አንቱም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ፤ ታሳዝነኛለች። የሌላው ሰው ልጅስ?»

በመጨረሻ ጸበል ይረጭበትና ይታይ በሚለው ተስማማን። ከወላጆቹ መሀል ከደቡብ የመጡት የፋብሪካ ሠራተኞች ጸበል በእምነታቸው ስለሌለ አጥሩ ሥር ቆመው በበኩላቸው ጸሎት ጀመሩ። ኦቦ ቶለሳ ጸበሉን በጀሪካን አምጥተው ነበርና መርጨቱ ቀርቶ ክራሩ ቆዳ ላይ አፈሰሱት። «አንጎራጉሪ» ተባለች። አንጎራጎረች። ክራሩ ጭጭ። ደገመች፤ ጭጭ። እልልታው ቀለጠ። ከበሮ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፣ የራሰ ቆዳ ድምፅ የለውም። ይህንን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት፤ ጋኔኑ ከወጣ ልጅቷ እኛው ጋ ትቀራለቻ።

ጫልቱ እርጥቡን ቆዳ በመዳፏ ዳበሰችው። ወደ እኛ ዞራ በሻከረ ድምፅ «አጄፍታን» አለች። ገደላችሁት ማለቷ ነው።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ወዲያው ግን «ጸበሉ ዲዳ አናገረ» ተባለና እልልታው እጥፍ ሆነ። ምን እንዳለች ያስተዋለ አልነበረም።

ወሬው አክስቷ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። በሳምንቱ አዴ ዲንቂቱ ደላላውን አስከትላ መጣች። «አሁንማ ትናገራለች» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ልጅቷን ለገረድነት ያበቃሁት እኔና ክበቤ ነን፤ ያን ዕለት ሙዚቃ የሚባል ነገር ጠላሁ።

«ኮቱ፣ ነይ እንሂድ» አለቻት አክስቷ።

ጫልቱ ክራሩን ፀሐይ ላይ አስጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ቀና አለች። «ሂን ዴሙ» አለች። ደላላው እንዳይቸገር ብላ ነው መሰለኝ በአማርኛም ደገመችለት፤ «አልሄድም።» ድምፁ ከዚያች ቀጫጫ ልጅ የሚወጣ አይመስልም ነበር።

አዴ ዲንቂቱ አንዴ ክራሩን፣ አንዴ ልጅቷን አየችና አማተበች። «መምህር፣ ከዕቃው የወጣው የት እንደ ሄደ አየህ?»

«አየሁ» አልኳት። ደላላው ይህን ሲሰማ ደህና ዋሉም ሳይል ታክሲ ፍለጋ ወጣ።

ክራሩ ደርቋል፣ ተቃኝቷልም። በፊዚክሱ መምህር ሳይንስ ከሆነ ለዜማዋ መመለስ ነበረበት። አይመልስም፤ ለምን እንደሆነ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ጋኔኑ አሁን አራተኛ ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማራል። እጅ ሳያወጣ ስለሚናገር አንዳንዴ እንቆጣዋለን።