ከልብ የተወለደችው ላም

ማውራትና ማሳየት አንድ የሚመስለው ሰው ካለ እኛ ከተማ ነገሌ ይምጣ። እኔ ዝሆን አየሁ ብዬ ሳወራ ሰሚዎቼ ኩምቢው እንዳይነካቸው ወንበራቸውን ይስባሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ የገዛ እናቱን ገበያ አግኝቷት መጥቶ ሲያወራ፣ ያለ እናት ያደገ ይመስላል። ዓይን ለሁሉም ተሰጥቷል። ዓይንን ለሌላ ሰው ማዋስ ነው ጭንቁ። እኔ ፊደልን መንገድ ላይ ነው የተዋወቅሁት፣ ትምህርት ቤት አላስተዋወቀንም፤ ይህን ግን በድፍረት እናገራለሁ።

መምህር ታደለ የሰፈራችን የአማርኛ አስተማሪ ነው። ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱ ግን ኦሮምኛን ከጎረቤት ወተት ጋር የጠጣ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እየጻፈ፣ አንድ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር ሻይ ቤት ያነብልናል። ምን ልበላችሁ፣ ደረቅ ነበር፤ ሻይ ካልተጠጣበት አይወርድም። አንድ ቀን «አንዲት ቀይ ላም በመስኩ ላይ ትግጥ ነበር» ብሎ ሲያነብ፣ ኦቦ ጂሎ የሚባሉ ከብት አርቢ ሽማግሌ አዛጉና የትኛዋ ቀይ ብለው ጠየቁት። እዚህ አገር «ቀይ ላም» ብሎ ዝም ማለት «አንድ ሰው ሞተ» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። መምህሩ አንገቱን ደፋ። የሚቀጥለውም ካልታያቸው ብዕሩን ሊሰቅል ማለ። እኔም ምክር አይቸግረኝ፣ ላሟን አትጻፋት፣ ጠብቃት አልኩት።

የምሬን አልነበረም። እሱ ግን ልበን ሜዳ ወርዶ ከከብት ጋር ዋለ፤ ሲመለስ አፍንጫው ተልጦ እናቱም አልለየችውም።

ከዚያ አነበበ። አንዱ ቀንዷ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጉንጯ የታጠፈ፤ ግንባሯ ላይ ወተት የፈሰሰ የመሰለ ነጭ መስመር፤ ጨው ስትልስ ዓይኗን የምትጨፍን፤ ስትራመድ የኋላ እግሯን እንደ ሙሽራ የምትጎትት። ምላሷ መዳፌን ሲሞርደኝ ተሰማኝ። የሻይ ቤቱ ዝንብ ሁሉ ስኳሩን ትቶ ወረቀቱ ላይ ሰፈረ፤ ያልመሰላችሁ ዝንቦቹን ጠይቁ።

ኦቦ ጂሎ ብድግ ሲሉ ሻያቸው ተደፋ። «ዲምቱ!» አሉ፤ ቀዮ ማለታቸው ነው። ባለፈው ድርቅ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ጠፍታባቸው አጥንቷ እንኳ ያልተገኘ ላማቸው ነበረች። የት እንዳያት አፋጠጡት። መምህሩ የትም አላየኋትም፣ ልብ ወለድ ናት አለ።

«ላም ከላም ትወለዳለች እንጂ ከልብ?» አሉ። «እሺ፣ ልብህ ከወለዳት ክፈተውና አውጣልኝ።»

ሽማግሌዎች ከግራር ሥር ተቀመጡ። ናጋ፣ ሰላም ተባብለው፣ መርቀው፣ ክሱን ሰሙ። ተከሶ በደስታ የሚፍለቀለቅ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ መምህሩ ጎኔን እየጎሸመ «አዩዋት እኮ፣ አዩዋት» ይለኛል። ሽማግሌዎቹ የላሟን መጨረሻ ሲጠይቁት ነው ሳቁ የጠፋው። ለካ በመጨረሻው ምዕራፍ በውሃ ጥም ሊገድላት ኖሯል፤ የመጽሐፉ እንባ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሷ ሞት ላይ ነው። እሱንም ሳይደብቅ ተናገረ።

ኦቦ ጂሎ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«መምህር፣ አንድ ጊዜ ድርቅ ወስዶብኛል። አንተ አትድገምብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ፍርድ ምን ያስፈልገዋል? ሽማግሌዎቹ ዝናብ ይዝነብ፣ ላሟም ወደ ቤቷ ትግባ አሉ። መምህሩም ዝናቡን ጻፈው፤ ሲያነበው ከገመድ ላይ ልብሴን ላነሣ ሮጥኩ። ዲምቱ እግሯን እየጎተተች በሩ ላይ ስትደርስ ኦቦ ጂሎ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። አንዱ ነገረኛ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ተረተባቸው። እሳቸውም የእኔዋ ወረቀት ላይ ናት፣ ከሰማይ ትቀርባለች ብለው አፉን አስያዙት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። መምህሩ ግን ደስታው ገነፈለና በሚቀጥለው ምዕራፍ አስወለዳት። ኦቦ ጂሎ ጥጃዋ በእናቷ የእኔ ናት ይላሉ። እሱ ደግሞ እናቷስ ይሁን፣ ኮርማውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ ድርቅ አለ። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይቀመጣሉ።

ጥጃዋ ግን ክርክሩንም አልሰማች፣ እየጠባች ነው።