መነኩሴውና ሁለቱ አማቶች

እንግሊዞችን ክርስቲያን ያደረጋቸው ከሮም የተላከ መነኩሴ ነው ይባላል። መነኩሴው መንገድ ላይ ፈርቶ ወደ ሮም ተመልሶ ነበር፤ ይህን ማንም አያነሣበትም። የአገሩ ንጉሥ ደግሞ አስማት ያደርግብኛል ብሎ ቤቱ አላስገባውም፤ ሜዳ ላይ ነው የተቀበለው። ግን ንጉሡ ክርስቲያን ሚስት ነበረችው። እኔን ብትጠይቁኝ ነገሩን የጨረሰችው እሷ ናት።

ይህን ያነሣሁት እኛም ቤት እንግሊዝ የማጥመቅ ሥራ ስለመጣ ነው። የእኅቴ ልጅ ሕሊና ኬቨንን ልታገባ ሆነ፤ አያት ቅድመ አያቶቹ ከእንግሊዝ ወደዚህ ወደ ተሰደድንበት አገር በመርከብ የመጡ፣ ፀሐይ ገና ስታየው የሚቀላ ልጅ። እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የምትኖረው እኅቴ እትዬ አስካለ “ተጠምቆ በቁርባን ካላገባት አልመርቅም” አለች። እትዬ አስካለ ካለች አለች ነው። ኬቨን “ኦኬ” አለ። ታኮማ ፓርክ ያሉትን መነኩሴ አባ ወልደ ሚካኤልን ለምነን ትምህርቱ ተጀመረ፤ አስተርጓሚው እኔ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የኬቨን እናት ሱዛን ሰማች። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ድረስ መጥታ አልገባም አለች። ሁላችንም፣ አባም ጭምር፣ ወደ ፓርኪንጉ ወረድን።

“ልጄን በሕፃንነቱ በቤተ ክርስቲያናችን አስጠምቄዋለሁ። እስከ ዛሬ ምን ነበር ልትሉኝ ነው?” አለች። እንባዋ ይወርዳል። እየተረጎምኩ ላብ አጠመቀኝ። ሕሊና አንዴ እናቷን አንዴ አማቷን ታያለች። አባም “እናቱ እያለቀሰች አላጠምቀውም” ብለው ሄዱ።

በቃ፣ ተቆለፈ። ሱዛን ካልፈቀደች ጥምቀት የለም፤ ጥምቀት ከሌለ የእትዬ አስካለ ምርቃት የለም፤ ሕሊና ደግሞ እናቴ ሳትመርቀኝ አላገባም ብላ ምላለች። ኮል ባደረገችልኝ ቁጥር የምሰማው ለቅሶ ብቻ ሆነ። አንጀቴን በላችው።

በመጨረሻ ሱዛን አንድ ነገር ጠየቀች፤ አስካለ አንድ እሑድ እነሱ ቤተ ክርስቲያን መጥታ ትይ። እናንተዬ፣ እኅቴ እኮ የጴንጤ መዝሙር በሬዲዮ ሲመጣ መኪና አስቁማ የምትወርድ ሴት ናት። ስለ ልጇ ስትል ግን እሺ አለች።

እሑድ ነጠላዋን ተከናነበች፤ እኔ ነዳሁላት። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሱዛን ከውስጥ ታያታለች። ሕሊና ክንዴን ጨምቃ ይዛለች። የቀረው አንድ እርምጃ ነው፤ እግሯ ግን አልነሣ አለ። ትመለሳለች ስል ጎንበስ አለችና ጫማዋን አውልቃ በሩ ሥር አስቀመጠች፤ እጆቿ ሳያማክሯት የሠሩት ይመስላል። በካልሲ ገባች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ደግሞ ሁሉም ጫማ ማድረጋቸውን ስታይ ስለ እነሱ አፍራ አቀረቀረች። ሱዛን አጠገቧ ተቀምጣ ካልሲዋን ካልሲዋን ታያለች። ስብከቱን ሁለቱም የሰሙት አይመስለኝም።

ስንወጣ ጫማው የለም። በረኛው ሽማግሌ ለድሆች የተሰጠ መስሏቸው በዚያ ቀን ከተሰበሰበው ልብስ ጋር ጭነው ልከውታል። ሱዛን ፊቷ ደም መሰለ። ሕሊና ራሷን ያዘች። እኔም ያለቀለት ነገር ነው ብዬ መኪና ላመጣ ዞርኩ።

እትዬ አስካለ ጫማዋን ያኖረችበትን ባዶ ቦታ ቆማ አየችው። በየንግሡ ጫማዋ ጠፍቶ ስንቴ በባዶ እግሯ ወደ ቤቷ እንደ ተመለሰች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ መሰለኝ። ሣቅ ነው።

“ንገራት” አለችኝ፣ “ጫማ ከጠፋበትማ ቤተ ክርስቲያን ነው።”

ከነምክንያቱ ለሱዛን ተረጎምኩላት። ሱዛን ጎንበስ ብላ የራሷን ጫማ ፈታችና ለእኅቴ አቀበለቻት።

“ልጄ የሚጠመቅ ቀን” አለች፣ “የእኔን ማን ይጠብቅልኛል?”

እኛም እስከ ዛሬ ጫማ ጠባቂ አላገኘንም።