ቆሻሻ የሚገዙት ክቡርነታቸው

በዓለም ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ፣ መድኃኒት ይሽጥ ምስማር፣ አንድ እንዲህ ያለ ደንበኛ ተመድቦለታል። ትንሿን ዕቃ ለመግዛት ትልቁን ጊዜ የሚወስድ፣ ሄደልኝ ሲሉት ከደጅ የሚመለስ፣ የበሩን እጀታ ይዞ "የመጨረሻ ጥያቄ!" የሚል። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ወንድም እህቶቹን አስከትሎ ነው።

ለቀለም ሻጯ የደረሷት አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። በልቧ "ክቡር የመጨረሻ ጥያቄ" ትላቸዋለች። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ልጄ፣ ቆሻሻ ይኖርሻል?" አሏት።

እሷ ደግሞ መደርደሪያውን ወልውላ መጨረሷ ነበር። "የቱ ጋ አዩ አባባ?" አለች ደሟ ፈልቶ።

"የለም፣ የለም! ለመግዛት ነው።"

ነገሩ ቆይቶ ተብራራ። ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት የከተማውን ቆሻሻ መኪና ሲነዱ ነው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ መኪናዋም አብራ ወጣች፤ እሷን ግን ቆራርጠው ለብረት አቅላጭ ሰጧት። ይሄ አልዋጥላቸው ቢል፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገባ አምሳያዋን ከፕላስቲክ ሠሩ። ቆረጡ፣ አጣበቁ፣ ብርቱካንማ ቀለም ቀቡ። ችግሩ አዲስ ሆነች። የሰው ደጅ አይታ የማታውቅ መኪና መሰለች። የቀራት ቆሻሻ ነበር፤ ማለትም እንደ ውሃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም፣ ሲፈስባት ሜዳ ሜዳውን ትቶ በየስንጥቁና በየብሎኑ ሥር የሚተኛ።

"ጥቁር ይውሰዱ" አለች ሻጯ።

"ጥቁር ጥላሸት ነው። ከእሳት የተረፈች ያስመስላታል።"

"እንግዲያው ቡናማ።"

"ቡናማ ዝገት ነው። እኔ እያለሁ ዝጋ አታውቅም!" ብለው ተቆጡ። "የምፈልገው ዝናብ ካባራ በኋላ ጎማ የሚረጨውን ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፤ እሱን በምን አቀጥነዋለሁ?"

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ቀን ብርቱካንማ የተቀቡ የፕላስቲክ ማንኪያዎች በኪሳቸው ሞልተው መጡና ባንኮኒው ላይ ደረደሩ፤ መኪናዋ ከመቀባቷ በፊት ማንኪያ ይሙትላት ነው ነገሩ። ሌላ ቀን የቲነር ጠርሙሶቹን በየተራ ሲያሸቱ ራሳቸውን አዞራቸውና ወንበር ተፈለገላቸው። ወንበሩ ላይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "የመጨረሻ ጥያቄ፤ ይበልጥ የሚሸተው ቶሎ ይደርቃል ማለት ነው?" አሉ። ለሳሎኗ ነጭ ቀለም ልትገዛ የመጣችን ሴት ደግሞ "ተይው ልጄ፣ ነጭ ቆሻሻ ይይዛል። ቆሻሻን እኔ አውቀዋለሁ" ብለው ባዶ እጇን ሸኟት።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ፣ ክቡርነታቸው ከሰባተኛው የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ደርሰዋል። ከኋላቸው የቆመ ቤት ቀቢ፣ "ኧረ አባባ፣ እርስዎ ጠይቀው እስኪጨርሱ የምቀባው ቤት አርጅቶ ይፈርሳል!" አለ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ሻጯም ሳቀች። ክቡርነታቸውም አብረው ሳቁ፤ ባርኔጣቸውን ግን የኋላውን ወደ ፊት አድርገው ነው የወጡት።

በሌላ ቀን ሲመጡ ተራቸውን ጠበቁ፣ በጣታቸው አንድ ጠርሙስ አመለከቱ፣ ከፈሉ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ። በቃ።

ሻጯ "ተገላገልኩ!" አለች። ያው የቅዳሜው ቤት ቀቢ የጠየቃትን ቀለም መበጥበጥ ጀመረች፤ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ጭር አለባት። ወዲያው እጇ ቀጥ አለ። የወሰዱት የመኪና ቀለም ቲነር ነው! የእሳቸው ብርቱካንማ በውሃ የሚቀጥን ስስ ቀለም መሆኑን ታውቃለች፤ ጆሮዋ እስኪደነቁር ነግረዋታል። ያ ቲነር ደግሞ ቀለሙን ልሶ ፕላስቲኩንም አይምርም።

"ውጡልኝ፣ ሱቁ ተዘግቷል!"

"የኔስ ቀለም?" አለ ቤት ቀቢው።

"ያንተ ቤት ይፍረስ!"

ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገረችም። በየትኛው ብርሃን መቀባት እንደሚሻል የጠየቋት ቀን መስኮታቸው ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት እንደሆነ አስረድተዋታል። በሩን የከፈቱላትን ባለቤታቸውን ሰላም እንኳ ሳትል አልፋ ገባች። ክቡርነታቸው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው፣ የተነከረ ብሩሻቸው ከመኪናዋ ጣሪያ ስንዝር አይርቅም።

"አባባ! እጅ ወደ ላይ!"

ሁለቱንም እጆቻቸውን ሰቀሉ። ባለቤታቸው ከኋላ ደርሰው፣ "አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ምን ሰርቀህ ነው?" አሉ።

ሻጯ ትንፋሿ ሳይመለስ ብሩሹን ተቀብላ አንድ ጠብታ ማንኪያ ላይ አሳረፈች። ብርቱካንማው ተኮማተረ፣ ተላጠ፤ ከሥሩ ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ክቡርነታቸው ማንኪያውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ፣ ላብ በላብ ሆኑ።

"ምነው ሳይጠይቁኝ?"

"ሰው አስቸገርኩ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

ይሄ አንጀቷን በላው። "ያስቸግሩኝ እንጂ! ማን ከለከለዎት?" ብላ ጮኸችባቸው፤ ስትጮህም ከሽርጥ ኪሷ ለዘብ ያለውን፣ ለዘይት ቀለም የሚሆነውን ማቅጠኛ አወጣች።

ቡናማ የዘይት ቀለም ላይ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ግራጫ ጠብ አድርገው አቀጠኑ። "ወፈረ" አሉ እሳቸው። "ቀጠነ" አለች እሷ። ተጨቃጨቁ፣ ማንኪያ ላይ ሞከሩ፣ እንደገና ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ክቡርነታቸው ብሩሹን የመኪናዋ በር ጠርዝ ላይ ነካ ሲያደርጉት፣ ቀለሙ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ስንጥቁን ይዞ ነጎደ። ሁለቱም የተረፈውን በጥጥ ጠረጉና ወደ ቀጣዩ በር ዞሩ።

ባለቤታቸው ሳህን ይዘው ሲመለሱ ደንግጠው ቆሙ። "ኧረ በሕግ! ይሄን የቆሻሻ መኪና አሁኑኑ ከገበታዬ ላይ አንሳልኝ! እህል የሚበላበት ነው!"

ክቡርነታቸው ወደ ሻጯ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ሰማሻት?" አሉ በሹክሹክታ። "እስከ ዛሬ 'አሻንጉሊትህን አንሳ' ነበር የምትለኝ።"

ሻጯ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የኋላ ጎማዎቹን ስትመረምር ነበር።

"አባባ" አለች፣ ወንበር እየሳበች፣ "እዚህ ጋ ጭቃው አላነሰም?"