ማሽኑ የማያነበው መስመር

በከተማችን የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ታሪክ ውስጥ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ሥራ የተሠራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ አልዘጋ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሠሪው ሰረዝ የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት የራሱን የሠርግ መጥሪያ ካርድ ለአንዲት ሰረዝ ሲል ደጋግሞ ወደ ማተሚያ ቤት ስለመለሰ ነው።

የከተማውን ፓምፕ የሚያዘው ፕሮግራም ክፍት ነው። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው፣ ማንም አይቶ እንዲያርመው በነፃ የለቀቁት ነው። ለፓምፑ መመሪያ በሚሰጠው ፋይል ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር አለ፦ አንደኛው ማሽኑ አንብቦ የሚፈጽመው፣ ሌላው ደግሞ ለሰው ብቻ የተጻፈና ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው ማስታወሻ። ሰረዝ አርቆ አሳቢ በመሆኑ ትኩረቱን በሙሉ በሁለተኛው ላይ አደረገ።

አንድ ጠዋት ታዲያ «ዉሃው ዘጠና በመቶ ሲደርስ ፓምፑ ይቆማል» የሚል ማስታወሻ አነበበና ክው አለ። ሮጦ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ ፋይላችን ውስጥ ስህተት ተገኘ!»

«ፓምፑን የሚነካ?»

«ኧረ የባሰ! ‹ዉሃ› ተብሎ በ‹ዉ› ተጽፏል!»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «የውኃ መሥሪያ ቤት ሆነን ውኃ መጻፍ ያቅተን?» አሉ በተሰበረ ድምፅ። እዚያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሥራውን እስኪጨርስም ፋይሉን ማንም እንዳይነካው ተቆለፈ።

«ዉ» ስህተት መሆኗ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የሕግ ክፍሏ «ውኃ» ይሁን አለች፤ የሕዝብ ግንኙነቱ «ውሃ» ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«ኅብረተሰቡ በ‹ሃ› ነው የሚጠጣው!»

«እሱ እንዳሻው ይጠጣ። መሥሪያ ቤቱ ግን ክብር አለው!»

በዚህ መሐል የሰረዝ ስልክ ጮኸ። ቤታቸው ከዋናው ገንዳ ግርጌ ነው፤ የደወለችው ባለቤቱ ናት።

«ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው! ውሃ ቤት ገባ! እማዬ አልጋ ላይ ወጥታለች!»

«ተረጋጊ እስቲ። ውሃ ስትዪ በየትኛው ‹ሃ› ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

በቃለ ጉባኤው ላይ «የኅብረተሰቡ አቋም ገና አልጠራም» ተብሎ ሰፈረ።

ፓምፑን በእጅ ማጥፋት አይቻልም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። ፓምፑ ሲዘምን ማጥፊያው ተነቅሏል። አሁን የሚሰማው ፋይሉን ብቻ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ተቆልፏል።

ሰረዝ በሻይ ሰዓት ሱሪውን ሰብስቦ ቤቱ ሲደርስ አማቱ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው አልጋ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ የውኃ መሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ የምትሠራው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ሁሉንም ወደ ቤት ይዘኸው መጣህ?»

ሰረዝ ሬዲዮኑን ተቀበላቸው። አማቱን በጀርባው አዝሎ ጎረቤት አደረሰና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ቢሮ ሲደርስ «ውኃ» በጠባብ ልዩነት አሸንፎ ይጨበጨባል። እርማቱ ከነፋይሉ ለበጎ ፈቃደኞቹ ተላከ። መልሱም ብዙ አልቆየም፦ «እርማቱን ተቀብለናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ከማስታወሻው ሥር ያለው ቁጥር እኛ ዘንድ ዘጠና ነው፤ እናንተ ዘንድ መቶ ዘጠና ይላል። ገንዳችሁ መቶ ዘጠና በመቶ ይሞላል?»

ሰረዝ ከነእርጥብ ሱሪው ኃላፊው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ቁጥር ላጥፋ! አሁኑኑ!»

«ቁጥር ፊደል ነው?»

«አይደለም፤ ግን ሰፈሩ እየሰጠመ ነው!»

«ኮሚቴው የተቋቋመው ለማስታወሻው ነው። ለቁጥር ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ደግሞ ያንን ቁጥር ትናንት ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።»

«ማስታወሻው ዘጠና፣ ቁጥሩ መቶ ዘጠና! እንዴት ነው ሁለቱ የሚጣጣሙት?»

ኃላፊው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው የሰረዝን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«እውነትህን ነው። እንዲህ ያለ አለመጣጣም ዝም ተብሎ አይታለፍም። ፋይሉ ይከፈት፤ ይታረም!»

ሰረዝ እፎይ ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ጣቱ ወደ ቁጥሩ ሲሄድ ግን የኃላፊው ጣት ቀድሞት ላይኛው መስመር ላይ አረፈ። የሰረዝ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንጫጫል። ሰረዝ የታዘዘውን ጻፈ፦

«ውኃው መቶ ዘጠና በመቶ ሲደርስ ፓምፑ ይቆማል።»

ኮሚቴው መርምሮት አንዲት የፊደል ግድፈት አላገኘበትም።