አጽድቶ ጀማሪው፣ አጽድቶ ጨራሹ ጋሽ ወጋየሁ

በየመሥሪያ ቤቱ ሳያጸዳ የማይጀምር፣ ሳያጸዳም የማይነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። የተነሳበትን ወንበር ብታዩ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም ትላላችሁ። የእኛው ሊቀ ጽዱዓን ጋሽ ወጋየሁ ይባላል።

በ1991 ዓ.ም. አምሐ፣ ጋሽ ወጋየሁና እኔ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ለአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም እንጽፍ ነበር። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ ትንንሽ ሙከራዎችም ነበሩን። ታዲያ አምሐ ለሙከራ ያስገባቸው የውሸት በሽተኞች መዝገቡ ውስጥ ይቀሩና የእኔን ሙከራ ያበላሻሉ፤ የእኔዎቹ የእሱን። ተኳርፈን እንውላለን።

ያስታረቀን ጋሽ ወጋየሁ ነው። ለሁሉም ሙከራ የጋራ የሆነ መነሻና መዝጊያ ጻፈ። እያንዳንዱ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት መዝገቡ ይጸዳል፣ አንድ የውሸት በሽተኛ ይመዘገባል፤ ሙከራው ሲያልቅ እሱም ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ማንም የማንንም ትርፍራፊ አላየም።

ጣጣው ግን ለእኛም ተረፈ። ሻያችንን ሳንጨርስ ብርጭቆውን ያጥበዋል። ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን ሳንገለብጥ ያጠፋዋል። ሥራ ልጀምር ስል ከኋላዬ መጥቶ፣ «ባዶ ነው ወይስ መስሎሽ ነው?» ይለኛል። ስለ ራሱም ቢሆን አንዲት ቃል ጥሎ አይሄድም። የት እንደሚያድር፣ ማን እንዳለው አናውቅም ነበር።

ፕሮግራሙን ባስረከብንበት ጠዋት፣ ሊቀ ጽዱዓናችን ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትሽ ብሎ ሙከራዎቹን እዚያው ክሊኒኩ ኮምፒዩተር ላይ አስኬዳቸው። የካርድ ክፍሏ ቤተልሄም ግን ቀድማን ገብታ እውነተኛ በሽተኞችን ስትመዘግብ ቆይታ ነበር። ሙከራዎቹ ሁሉ አለፉ። መዝገቡም ጸዳ።

ቤተልሄም ስክሪኑን አየችና፣ «በሽተኞቼስ?» አለች።

የጋሽ ወጋየሁ ፊት አመድ መሰለ። ሁላችንን ሲጠይቅ የኖረውን ጥያቄ እሷን ሳይጠይቃት ቀርቷል። አምሐ ሊያግዘው ቢነሳ እንቢ አለ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት በሽተኞች አጠገብ በተራ እየተቀመጠ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ስማቸውን እንደ አዲስ ይቀበል ጀመር። ስም ብቻ የሚነግረው ግን አላገኘም። አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ አንዷ ከቤት ስለ ወጣ ልጇ ታወራዋለች። እማማ ከድጃ የሚባሉ አሮጊት የአባታቸውን ስም ከነገሩት በኋላ ዞረው፣ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ነገራቸው። ሚስት እንዳለችው ጠየቁት።

«ሞታለች፣ እማማ» አለ።

አብሬው ስሠራ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም በካርድ ክፍሉ መስኮት። እማማ ከድጃ እጁን ያዙት። መዝገቡ ተመልሶ ከሞላ በኋላ እንኳ ከአጠገባቸው አልተነሳም።

ማምሻውን በአንድ ታክሲ ተሳፈርን። እኔ የምወርደው ላፍቶ ነው፤ የእሱ ቤት ከዚያ አልፎ ሀና ማርያም ኖሯል። ላፍቶ ልንደርስ ስንል፣ ሳልጠይቀው፣ ስለ ሚስቱ መናገር ጀመረ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር አለኝ። ረዳቱ፣ «ላፍቶ ወራጅ አለ?» ሲል ዝም አልኩ።

ትንሽ እንደ ሄድን ጋሽ ወጋየሁ ወደ ውጭ አየ። «ፅጌረዳ፣ መውረጃሽ አለፈ እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ከዚያስ?»