ስፖንዳ ላይ የታተመው ግጥሜ

መኪና የሚነዳ ሰውና ግጥም የሚጽፍ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለባቸውም። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ደግሞ መንግሥት ጣልቃ ይግባ! ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ባለፈው አርብ ከኋላዬ ተገጨሁ። ሕጉ ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው ይላል። እኔ ግን... እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

መኪናዋ የእኔ አይደለችም። የታላቅ ወንድሜ የአያ ደሳለኝ ናት፤ ገብስና ድንች ስትሸከም ያረጀች ሰማያዊ ፒክአፕ። አያ ደሳለኝ ለእህታችን ለእናትነሽ ሠርግ ዕቃ ሊገዛ ባሕር ዳር ሲሄድ በአውቶቡስ ነው የሄደው። ለምን? መኪናዋ ሙሽራ ስለምትጭን ትረፍ ብሎ! ወንድሜ መኪናውን እንደ እርሻ በሬ ነው የሚያያት፤ ከከባድ ሥራ በፊት ያሳርፋታል። ቁልፉን የሰጠኝም ለአንዲት ጉዞ ብቻ ነበር፤ ከከተማችን ከወገዳ አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ደርሼ ለሠርጉ መልስ የሚጠመቀውን ጠላ ጌሾ እንዳመጣ።

"እንደ ወሰድካት መልሳት" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። አያ ደሳለኝ ቃል አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው።

መዘዝ የሚመጣው ከትርፍ ነው። የእናትነሽን ክፍል በር ከቀባንበት ነጭ ቀለም ግማሽ ቆርቆሮ ተረፈ። ብሩሹም ተረፈ። እኔም ያው እንደምታውቁኝ ከተረፍኩ ቆይቻለሁ። በመኪኖች ጀርባ ላይ የሚጻፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ "ምቀኛ አታሳጣኝ"፣ "ሁሉም ያልፋል" ምናምን። ከዚህ የተሻለ እኔ አለኝ አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደብተር ስሞላ አንድም ያተመልኝ ሰው የለም። ስፖንዳው፣ ያ የጭነቱ የኋላ መዝጊያ፣ ሰፊና ባዶ ሆኖ ፊት ለፊቴ ሲቆም አሳታሚ ያገኘሁ መሰለኝ። ጻፍኩት፦

ከኋላዬ ያለህ ቸኩለህ አትምጣ፣
ቀድሞኝ የሄደ ሰው ምን ይዞ ሊመጣ።

አይከፋም አይደል? አይከፋም በሉኝ፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። የጎደለው ልኬት ነው። የግጥሙን አላልኩም፤ የቆርቆሮውን! የመጀመሪያውን ስንኝ ከደስታዬ ብዛት መዳፍ በሚያህል ፊደል፣ ለሁለት ሰብሬ፣ ስፖንዳውን ሞልቼ ጻፍኩትና ለሁለተኛው የተረፈኝ ቦታ ከሁለት ጣት የማይሰፋ ሆነ። ልተወው? ግማሽ ግጥም ይታተማል እንዴ? ፊደሉን አሳነስኩት። አሁንም አልበቃ ሲል ደግሜ አሳነስኩት። "ምን ይዞ ሊመጣ" የሚለው ጋ ስደርስ ስንኙ ጉንዳን ተሰልፋ የምትሻገር መሰለ።

አያ ደሳለኝስ? ሲያየው ደስ ይለዋል አልኩ። ደስ ካላለው ደግሞ ከመምጣቱ በፊት እፍቀዋለሁ አልኩ። ሁለቱ እንደማይገጥሙ ልብ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፤ እኔ ያኔ ልቤ አንባቢ ፍለጋ ሄዶ ነበር። ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ወገዳን ዞርኩ። ገበያውን ሁለቴ፣ መናኸሪያውን ሦስቴ። ሰው ሲስቅ "ገባው" እላለሁ፤ ሰው ዝም ሲል "ነካው" እላለሁ። አንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል በመስታወት አየሁትና መኪናዋን ቀጥ አድርጌ አቆምኩለት። ይቺን ፎቶ አትርሷት።

አርብ ደረሰ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ አያ ደሳለኝ ቅዳሜ ይገባል። ጌሾ ልገዛ ወጣሁ። በአርብ ቀን አርብ ገበያ መግባት ማለት ከአህያ ጋር ቅድሚያ መለማመን ማለት ነው። ከከተማው መግቢያ ላይ ገብስ የጫኑ ሦስት አህዮች መንገዱ መሀል ቆመው የሚመካከሩት ነገር ነበራቸው። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ቆመች። አህዮቹ አዩኝ፤ አየኋቸው። ከዚያ ከኋላ... ጓ!

ወገቤን አልነካኝም። የተሰማኝ ግጥሜ ላይ ነው።

ወርጄ ስሄድ የገጨኝ ሚኒባስ ሆኖ አገኘሁት። ሹፌሩ ይርጋ ይባላል፤ በዚህ መስመር የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና ሰላምታም ሳይሰጠኝ በአውራ ጣቱ ወደ ጋቢናው አመለከተ።

"እሳቸው ናቸው" አለኝ።

ከጋቢናው ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ መቋሚያቸውን አስቀድመው ቀስ ብለው ወረዱ። መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ በድጓ ትምህርት ቤቷ በቤተ ልሔም ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። በሩቅ አውቃቸዋለሁ። በቅርብ የማውቃቸው እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጁን አትንኩት" አሉ። "ዓይኔ ደክሟል። የላዩን አነበብኩ፤ የታቹ እንቢ አለኝ። 'ጠጋ በልልኝ' አልኩት፤ ተጠጋ። 'ትንሽ' አልኩት፤ ተጠጋ።"

"ሦስተኛውን ሳይነግሩኝ ተጠጋሁ" አለ ይርጋ።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ይላል። ይሉኝታ ያለው ሰው ሽማግሌውን ይደግፋል። ወንድሙን የሚፈራ ሰው ስፖንዳውን ያያል። እኔ ምን አልኩ?

"ታዲያ አነበቡት?"

መሪጌታ ቆም ብለው አዩኝ። "የላዩ 'አትምጣ' ይለኛል። የታቹ ፊደል 'ካልቀረብክ አልነበብም' ይለኛል። የትኛውን ልስማ ልጄ?"

ገበያተኛው ሳቀ። ያልሳቁት አህዮቹ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ስፖንዳውን ያየሁት። መብራቱ ደህና ነው፤ ፓራውልቱ ተፍቋል እንጂ አልተሰበረም። ስፖንዳው ግን ልክ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳህን የሚያህል ጎድጉዷል። "ምን ይዞ" ወደ ውስጥ ገብቷል፤ "ሊመጣ" ጠርዙ ላይ ቀርቷል። ለሠርጉ ሁለት ቀን፣ ለአያ ደሳለኝ አንድ ቀን ቀርቶኛል።

እኛ አገር መኪና ሲጋጭ ከትራፊክ ፖሊስ በፊት ሽማግሌ ይደርሳል። ሦስት አባቶች ከገበያው ወጥተው የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እስኪቀመጡ ድረስ ሕዝቡ መኪናዋን ማከም ጀምሮ ነበር። አንዱ የፈላ ውሃ ይደፋበት አለ። ሌላው በገመድ አስሮ በጥማድ በሬ ማስጎተት ነው አለና በሬዎቹን ሊያመጣ ተነሳ፤ በስንት ልመና መለስነው። አንዲት እናት ደግሞ ለሙሽራ መኪና ያው ጨርቅና አበባ ይደረግባት የለ፣ ጉድጓዱን በእሱ ሸፍኑት አሉ። ይህቺኛዋ ልቤን አማለለችው። ግን አያ ደሳለኝ የተሸፈነ ነገር ካየ ገልጦ ነው የሚያልፈው፤ የእናታችንን የድስት ክዳን ሳይቀር።

ይርጋ አማቹን ሙሉቀንን ጠርቶ አመጣ። ሙሉቀን በአዘቦቱ የብረት በርና ሳጥን ይሠራል፤ ሲገኝ የመኪና ላሜራ ያቃናል። የሥራውን ነገር ይርጋ በራሱ ላይ ወሰደ። ሙሉቀን በጣቱ ቆርቆሮውን አንኳኳና እንደ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ።

"ከውስጥ ቀጥቅጬ ብቻ ብተወው ጽሑፉ ይቀራል፤ ቆርቆሮው ግን እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ይሆናል፤ ማንም ያየዋል። ቀጥቅጬ፣ ፍቄ፣ ስቱኮ አድርጌ ከቀባሁት ወንድምህ በእጁ ዳብሶ አያገኘውም። ጽሑፉ ግን ይሄዳል። ሁለቱንም አልወድም ካልክ ስፖንዳውን እንዳለ መቀየር ነው። እሱ የሚገኘው ባሕር ዳር ነው።"

ባሕር ዳር ማን እንዳለ አልረሳችሁም።

እንግዲህ መከራዬን እዩልኝ። ቢፋቅ ከወንድሜ እተርፋለሁ፤ ግን በምድር ላይ ያለኝ የታተመ ሥራ ይጠፋል። ባይፋቅ ግጥሜ ይኖራል፤ የእኔን መኖር ግን እንጃ። ሰው በጥበብና በሕይወት መሀል ምረጥ ሲባል በመጽሐፍ እንጂ ሙሉቀን መዶሻ ይዞ እየጠበቀው አይመስለኝም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ... እኔ ግን እየተፈታም ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

"በል እንግዲህ" አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፤ "ሥራውን ይርጋ ችሎታል። መሪጌታም ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወስደዋል። ከእሳቸው ምን ይካስልህ?"

"ግጥሙን ይረሙልኝ" አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ስንት ዓመት አስታረቅን?" አሉ። "ሰው በሬ ጠይቆን ያውቃል፣ መሬት ጠይቆን ያውቃል። እርማት የጠየቀ አላየሁም።"

መሪጌታ ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን ለይርጋ ሰጥተው ወደ ስፖንዳው ሄዱ። ጎንበስ አሉ፤ ጥምጥማቸው ቆርቆሮውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ ሁለተኛውን ስንኝ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው አብሮ ወረደ፤ "ሊመጣ" ላይ ተመልሶ ወጣ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ለመንጃ ፈቃድ ስፈተን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

"መልካም ነው" አሉ።

"እውነት?"

"መልካም ነው። አሁን ፋቀው።"

ክው አልኩ። ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። "ስማ ልጄ። እኛ ዘንድ ቅኔ የሚቆጠረው፣ የሚደረሰው ማለቴ ነው፣ ለዕለቱ ነው። ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ ሲያወጣ አድሮ ይነግረኛል፤ አርምለታለሁ፤ ማኅሌት ላይ ያወርደዋል። አለቀ። በማግስቱ ያንኑ ይዞ ቢመጣ ጓደኞቹ በሳቅ ይገድሉታል። አዲስ ይቁጠር እንጂ! ያንተንም ሰው አንብቦታል፤ እኔም ይኸው አነበብኩት። ካሣህን ተቀብለሃል።"

ሽማግሌዎቹ "ተፈጸመ" ብለው ተነሱ። እኔም በአፌ እሺ አልኩ። ለምርቃት እሑድ እንዲመጡልን መሪጌታን ጋበዝኳቸውና ስፖንዳው ተፈቶ ሙሉቀን ቤት ገባ።

ሙሉቀን በቁጭት እንዳልሞት አስቦልኝ ከታች ጀመረ። መጀመሪያ ጉንዳኖቹ ሄዱ። ከዚያ ከላይኛው ስንኝ "ከኋላዬ" ሄደ። ከዚያ "ቸኩለህ"። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ መጨረሻዋ "አትምጣ" ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጌሾ ልገዛ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስፖንዳው ከመኪናዋ ይልቅ አዲስ ሆኖ ተመለሰ። ሙሉቀን ከአሮጌው ሰማያዊ ጋር እንዲመሳሰል አቧራ አሸበት። ከሰዓት በኋላ አያ ደሳለኝ ገባ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ጎማ ነካ። ስፖንዳውን ዳበሰ። እሑድም እናትነሽ ተድራ፣ ተዘፍኖ፣ መሪጌታ መርቀው ከዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ አያ ደሳለኝ ጠላውን ይዞ አጠገቤ መጣ።

"ጎሽ" አለኝ። "እንደ ወሰድካት መልሰሃታል።"

ተገላገልኩ! ወሬው እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ብልህ ሰው ተብዬ በወጣሁ። ግን ወንድሜ ስልኩን አወጣ።

"ባሕር ዳር አውቶቡስ ውስጥ አንድ የወገዳ ልጅ አሳየኝና ላክልኝ አልኩት" አለ። "አንዱ ሞኝ መኪናው ላይ ግጥም ጽፎ። መኪናዋ የኛን ትመስላለች አይደል? የታቹ በደንብ አይነበብም እንጂ ግጥሙስ ግጥም ነው። አውቶቡሱ ሙሉ እየተቀባበለ ሲያየው ነበር።"

አውቶቡሱ ሙሉ! መሪጌታን አየኋቸው፤ እሳቸው ወደ ሰማይ እያዩ ነው። ዝም በል የሚል ዝምታ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ዝም ለማለት ደግሞ መማርም መታተምም አያስፈልግም። ስፖንዳው ተቀብቷል፣ ምስክር የለም፣ ጎሽ ተብያለሁ...

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ። ይባስ ብዬ ቆሜ።

አያ ደሳለኝ ጠላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"አውቃለሁ" አለ። "ሰሌዳ ቁጥሩ እኮ ፎቶው ላይ አለ። እሱ ከሁለተኛው ስንኝህ ይሻላል፤ ይነበባል።"

መሪጌታን ይዞ የመጣው ይርጋም፣ መሪጌታም ከፎቶው በኋላ የሆነውን ሁሉ ተናዘዙለት፤ ስቆ ስቆ እንባው መጣ። ፍርዱን ግን አልተወም። ሰኞ ጠዋት ቀለሙንና ብሩሹን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። መሪጌታን ከመኪናዋ ኋላ ሠላሳ እርምጃ አቁሞ፣ በደከመ ዓይናቸው ከዚያ ሆነው ያላነበቡት ቃል ስፖንዳዬ ላይ አያድርም አለ። አራት ስንኝ ይዤ ነበር የቀረብኩት። አልታያቸውም። ሁለት አልኩ። አልታያቸውም። አንድ አልኩ። "ፊደሉን አሳድገው ልጄ" ይላሉ፤ ባሳደግኩት ቁጥር ቃል ይወድቃል። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ከወገዳ መንገድ ላይ ካገኛችሁን ከሩቅ ታነቡታላችሁ፦

ራቅ በል።

ቤት አይመታም። ግን እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ሰው እሺ ብሎ የታዘዘልኝ እሱን ብቻ ነው።