አንቱ የተባለው አማካሪ

ታላላቅ መሪዎች ከሚታወቁባቸው ምግባሮች አንዱ፣ ነገር ሲበላሽ አጠገባቸው ማንም ያልነበረ መሆኑ ነው። ይህ ምግባር ለከንቲባው ሳይሰፈር ተሰጥቷቸው ነበር።

ከተማዋ አውቶቡስ አጥሯት ሕዝቡ በየፌርማታው ሲጉላላ፣ «መላ» የሚል ቅጽል የወጣለት አማካሪያቸው ሐሳብ አመጣ፤ ፌርማታዎቹ ይነቀሉ። ፌርማታ ከሌለ የሚጠብቅ የለም፤ የሚጠብቅ ከሌለ እጥረት የለም። ከንቲባው ፈረሙ፣ ፌርማታዎቹ ተነቀሉ፣ «ወረፋን ከምንጩ ማድረቅ» የተሰኘ ሪፖርት ቀርቦ ተጨበጨበ። ሕዝብ ግን ውለታ አያውቅምና ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተኮልኩሎ አውቶቡስ ይጠብቅ ጀመር፤ እግረ መንገዱንም ይሳደባል። ነገሩ ሲከር ምክር ቤቱ ለዓርብ የመተማመኛ ድምፅ ቀጠረ። ከንቲባው ወንበራቸው ሲነቃነቅ ታወቃቸው።

«ከዚህ ሰውዬ መራቅ አለብኝ» አሉ።

ማለቱ ቀላል ነው። መላ የሚስታቸው ወንድም ነው። ቢሮው ከቢሯቸው በአንድ በር ይገናኛል፤ እራቱም ከእራታቸው አይለይም። እሱን ከሥራ ማባረር፣ ራስን ከቤት ማባረር ነው። እናም ሰውየውን ከተቀመጠበት ሳያነሱ የሚያርቁበት ረቂቅ ዘዴ አገኙ። አንቱ ሊሉት።

በማግስቱ የየመምሪያው ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እርስዎ ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ጽሕፈት ቤቴ አስተያየት የለውም።»

መላ ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት ዞረ። «ማንን ነው?»

«እርስዎን!»

«እኔን? ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

ኃላፊዎቹ ተያዩ። እስከዚያች ሰዓት መላን እህቱን ተጠግቶ የሚበላ ሰው ያደርጉት ነበር። ለካ አንቱ የተባለ ሰው ኖሯል! ወሬው ከስብሰባው ቀድሞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ብቅ አለች።

«ጌታዬ፣ በአማካሪው ደጅ ወንበር አልበቃ አለ። ከእርስዎ ደጅ ልውሰድ?»

«የእኔ ባለጉዳዮች ምን ላይ ሊቀመጡ?»

«ማንም የለም እኮ።»

ማታ ሚስታቸው በደስታ ተቀበለቻቸው። «ወንድሜን አንቱ አልከው አሉ! እሰይ፣ እንኳን ዓይንህ ተገለጠ።»

«ማራቄ ነው፣ አንቺ ሴት! ማራቄ!»

«አይ፣ ክብር ሲያንሰኝ ኖሯል» አለ መላ ከማዕዱ ማዶ። «በሉ እስቲ ጨዋታውን ይተዉና ጨው ያቀብሉኝ።»

ከንቲባው አቀበሉ። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ጠዋት ስልት ለወጡ። ባለጉዳይ በሞላበት ኮሪደር መሀል ቆመው «አንተ! ና ወዲህ!» ብለው አምባረቁ።

«አየህልኝ?» አለ ከተሰለፉት አንዱ ለጎረቤቱ። «ሲሻቸው አንቱ፣ ሲሻቸው አንተ። አንድ ነፍስ ናቸው እኮ!»

ወረፋው እስከ ደረጃው ወረደ።

ዓርብ ደረሰ። ከንቲባው መድረክ ላይ ወጥተው፣ ወደ መላ እየጠቆሙ የዘመናቸውን ታላቅ ንግግር አደረጉ።

«የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የፌርማታው ሐሳብ የእሳቸው ነው! እኔ አንዲት ቃል አላዋጣሁም። የፈረምኩትም ሳላነብ ነው!»

አንዲት አንጋፋ አባል እጃቸውን አወጡ። «ሌሎቹስ ዕቅዶች?»

«የእሳቸው ናቸው!»

«ንግግሮቹስ?»

«ይኸኛው ብቻ ነው የእኔ!»

«ያስታውቃል» አሉ ሴትዮዋ። «እና ልጄ፣ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

ከንቲባው ብዙ አሰቡ፤ አላገኙትም።

የመተማመኛ ድምፁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ምክር ቤቱ ከንቲባው የተናገሩትን አንድም ሳያስቀር አመነ። አምኖም፣ ሥራውን ሁሉ ሲሠራ የኖረውን ሰው እዚያው ከንቲባ አድርጎ ሾመ።

ሥርዓት ሥርዓት ነውና፣ ከዚህ በኋላ መላን አንቱ፣ የቀድሞውን ከንቲባ ደግሞ አንተ ማለት ግድ ይለናል።

አዲሱ ከንቲባ ከአዳራሹ ሲወጡ ጋዜጠኞች ከበቧቸው። «ክቡር ከንቲባ፣ ፌርማታዎቹን ማን ነው ያስነቀለው?»

ክቡርነታቸው አላቅማሙም። በአገጫቸው ወደ እህታቸው ባል ጠቆሙ።

«እሱ ነዋ! ፊርማው የማን ሆነና?»

የቀድሞው ከንቲባ ወደ እሳቸው ሊጠጋ ሞከረ፤ ጠባቂዎቹ ደረቱን ይዘው ገፋ አደረጉት። ያን ሁሉ የደከመለት ርቀት ይኸው ተገኘ።